የእንግሊዝ ሕንዶችና ፓኪስታኖች፦ ማን ቀደመ፣ ለምን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከእንግሊዝ አገር የደረሱን ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ተገጣጥመዋል። ሰዎቹ አይተዋወቁም፣ ከተማቸውም የተለያየ ነው፤ ጥያቄያቸው ግን አንዱ የሌላው ተከታይ ይመስላል። ስለዚህ ሌላውን ለሚቀጥለው አስተላልፈን ገጹን በሙሉ ለእነሱ ሰጥተናል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው በርሚንግሃም ነው፣ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ሁሌ የምንጨቃጨቅበት ነገር አለ። ሕንዶቹና ፓኪስታኖቹ መልካቸው ይመሳሰላል፣ በቋንቋ ይግባባሉ፣ እስከ 1947 ድረስ አንድ አገር ነበሩ። ወደዚህ የመጡትም በተቀራራቢ ጊዜ ነው። ታዲያ የሕንዶቹ ልጆች ሐኪምና ፋርማሲስት ሲሆኑ የፓኪስታኖቹ ታክሲ ላይ የቀሩት ለምንድን ነው? አንዱ ባልደረባዬ «ሃይማኖታቸው ነው» ይላል። ሌላው «ሕንድ ትምህርት ይወዳል» ይላል። እኔ ሁለቱም አልተዋጠልኝም። እናንተ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ያልተዋጠልዎት በደህና ምክንያት ነው። ግን ከ«ለምን» በፊት «ምን ያህል» የሚለውን እንይ። የምሳ ሰዓት ክርክር ልዩነትን አንዳንዴ ያጋንናል፣ አንዳንዴ ያሳንሳል።

የብሪታንያ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ባወጣው የ2018 የደመወዝ መረጃ መሠረት የትውልደ ሕንድ ሠራተኛ መካከለኛ የሰዓት ክፍያ 13 ፓውንድ ከ47 ፔንስ ነበር። የነጭ ብሪታንያዊው 12 ፓውንድ ከ3 ፔንስ። የትውልደ ፓኪስታኑ 10 ፓውንድ። ልብ ይበሉ፣ ሕንዶቹ ፓኪስታኖቹን ብቻ ሳይሆን ባለአገሩንም በልጠዋል። በቤት ባለቤትነትም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ከ2016 እስከ 2018 ባለው ጊዜ በእንግሊዝ ከትውልደ ሕንድ አባወራዎች 74 በመቶው የራሳቸው ቤት ነበራቸው፣ ከነጭ ብሪታንያውያን 68 በመቶው፣ ከፓኪስታኖቹ 58 በመቶው። ከጥቁር አፍሪካውያን ስንት መሰለዎት? 20 በመቶ። እኛ የምንቆጠረው በዚህኛው ረድፍ ነውና ለፓኪስታኖቹ ከማዘናችን በፊት ይቺን ቁጥር መዋጥ ይኖርብናል።

በቤቱ ጉዳይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም 58 በመቶ ሲባል ሰው «ታዲያ ምን ጎደላቸው?» ማለቱ አይቀርም። የፓኪስታኖቹ አባቶች በ1960ዎቹ ገንዘባቸውን እያዋጡ፣ አንዱ ለሌላው እያበደረ፣ በሰሜን የፋብሪካ ከተሞች ውስጥ ተደርድረው የተሠሩትን ትንንሽ የሠራተኛ ቤቶች ገዙ። ጥሩ ነው፣ ኪራይ ቀረ። ግን ብራድፎርድ ውስጥ የተገዛ ቤትና ለንደን ሃሮው ውስጥ የተገዛ ቤት ከ40 ዓመት በኋላ ዋጋቸው አይገናኝም። ሁለቱም ባለቤት ናቸው፤ አንዱ ቤቱን አስይዞ ለልጁ ንግድ ይከፍታል፣ ሌላው ጣሪያውን ለማደስ ይበደራል። ድህነቱ ላይ ሲመጡ ደግሞ ልዩነቱ ፍጥጥ ይላል። የቤት ወጪ ተቀንሶ ሲሰላ ከትውልደ ፓኪስታን ሕፃናት ግማሽ የሚጠጉት ከድህነት መስመር በታች ባለ ቤተሰብ ውስጥ ነው የሚያድጉት። ከሕንዶቹ ሩብ ገደማ።

አሁን ወደ «ለምን» እንምጣ። እኔ እዚህ ላይ አቋም አለኝ፣ አልደብቅም። ሰዎቹ ምን ያምናሉ ብሎ ከመጠየቅ በፊት ማን ተሳፈረ፣ መቼ ተሳፈረ፣ ሲወርድስ ምን ሥራ ጠበቀው ብሎ መጠየቅ ይበልጥ ያስኬዳል።

እንግሊዝ ያሉት ፓኪስታኖች ከመላው ፓኪስታን የተውጣጡ አይደሉም። አብዛኞቹ የዘር ሐረጋቸው ከአንድ ጥግ ይመዘዛል፣ ፓኪስታን ከምታስተዳድረው የካሽሚር ክፍል፣ ከሚርፑርና ከአካባቢው። መሬቱ ጠባብ፣ ትምህርት ቤት ብርቅ የሆነበት ገጠር ነበር። ወንዶቹ ገና በቅኝ ግዛት ዘመን በእንግሊዝ መርከቦች ላይ የከሰል ምድጃ እያነደዱ ይሠሩ ስለነበር መንገዱን ያውቁታል። ከዚያ ማንግላ የሚባለው ግድብ መጣ። በ1967 ሲመረቅ አሮጌዋን የሚርፑር ከተማና ከ200 በላይ መንደሮችን ውሃ ውጧቸው ነበር፤ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ተፈናቀለ። ካሳ ያገኘ ብዙ ሰው ካሳውን ለጉዞ አዋለው። ዘመድም ዘመዱን ጠራ።

ሲደርስ ምን ጠበቀው? ብራድፎርድ ሱፍ ነው፣ ኦልድሃምና ብላክበርን ጥጥ። ባለፋብሪካዎቹ አዲስ ማሽን ገዝተዋል፣ ማሽኑ ወጪውን እንዲመልስ ሌት ተቀን መሽከርከር አለበት፣ ነጩ ሠራተኛ የሌሊት ፈረቃ አይፈልግም፣ ሴቶችን ሌሊት ማሠራት ደግሞ ሕጉ ይከለክል ነበር። ሚርፑሬው ገባበት። እንግሊዝኛ አላስፈለገውም፣ ፈረቃው ሙሉ የመንደሩ ሰው ነዋ! ሐሳቡም ሦስት አራት ዓመት ሠርቶ ብር ይዞ መመለስ ነው፤ ሚስትና ልጆች ወደኋላ ቀርተዋል። ችግሩ ፋብሪካው ራሱ እያጣጣረ ነበር። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ተራ በተራ ተዘጉ። ሰውየው አርባዎቹን ይዟል፣ ቋንቋ የለውም፣ የሚያውቀው ማሽን ለቁርጥራጭ ብረት ተሽጧል። መንጃ ፈቃድ ግን ማውጣት ይችላል። ታክሲው የመጣው እዚህ ጋ ነው፤ ከመስጊዱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ሕንዶቹ ግን ቢያንስ በሦስት በር ነው የገቡት። አንደኛው በር ከሚርፑሩ ብዙም አይለይም፦ የፑንጃብ ገበሬዎች፣ በብዛት የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች፣ ወደ ለንደኑ ሳውዝሆል የጎማ ፋብሪካና በበርሚንግሃም ዙሪያ ወዳሉት ብረት ማቅለጫዎች። እርስዎ ሰፈር አካባቢ ስሜቲክ የነሱ ታሪክ ነው። ሁለተኛው የባለሙያ በር ነው። በ1962 የወጣው የኮመንዌልዝ (የብሪታንያና የቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿ ማኅበር) ስደተኞች ሕግ የሥራ ቫውቸር፣ ማለትም ገብቶ ለመሥራት የሚያስችል ፈቃድ፣ አመጣ፤ ሙያ ለሌለው ሰው የሚሰጠው ቫውቸር በ1965 ሲቀር ለሐኪምና ለመሳሰለው በሩ ክፍት ቆየ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሕንድ ሐኪሞች የቆሙት ከዚያ ጀምሮ ነው። ሦስተኛው በር ምሥራቅ አፍሪካ ነው፣ እኔ ትልቁን ክብደት የምሰጠውም ለዚህ ነው።

በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ በቅኝ ግዛት ጊዜ ነጋዴ፣ የባንክ ጸሐፊ፣ የመንግሥት ሠራተኛ የነበሩ፣ በብዛት ከምዕራብ ሕንድ ከጉጃራት የሄዱ ሰዎች ናቸው። ኬንያ ስታጨናንቃቸው ወደ እንግሊዝ ጎረፉ፤ የእንግሊዝ ፓርላማ ደንግጦ በ1968 በሦስት ቀን ውስጥ መግቢያውን የሚያጠብ ሕግ አጸደቀ። በነሐሴ 1972 ደግሞ ኢዲ አሚን የኡጋንዳዎቹን 90 ቀን ሰጥቶ አባረራቸው። 28 ሺህ ገደማ ብሪታንያ ገቡ፣ እንዲይዙ የተፈቀደላቸው 50 ፓውንድ ገደማ ነበር። የሌስተር ከተማ ምክር ቤት እንዲያውም ኡጋንዳ በሚታተም ጋዜጣ ላይ «ወደኛ አትምጡ» የሚል ማስታወቂያ አወጣ። መጡ። ዛሬ ከሌስተር ነዋሪ ሲሶ ያህሉ ትውልደ ሕንድ ነው።

ኪሳቸው ባዶ ነበር፣ አዎ። ግን እንግሊዝኛ ይችላሉ፣ መዝገብ መያዝ ያውቃሉ፣ ከባንክና ከመንግሥት ቢሮ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ ያውቃሉ። የኢዲ አሚን ወታደር ፍተሻ ላይ ወርቁን ሊቀማ ይችላል፣ ይህንን ግን ከየት ያገኘዋል? ደግሞ የሚመለሱበት አገር ስለሌላቸው ከነቤተሰባቸው ነው የመጡት። ልጆቹ በመጡበት ሳምንት ትምህርት ቤት ገቡ። ከነሱ ውስጥ እስማኤላውያን ሙስሊሞች እንደነበሩና እነሱም እንደ ሂንዱዎቹ በንግድና በሙያ እንደተሳካላቸው ለባልደረባዎ ይንገሩልኝ።

ካልበቃው አሜሪካን ያሳዩት። አሜሪካ ከ1965ቱ የስደተኞች ሕግ በኋላ ከፓኪስታን የወሰደችው በብዛት ሐኪምና መሐንዲስ ነው። ዛሬ እዚያ የትውልደ ፓኪስታን ቤተሰብ መካከለኛ ገቢ ከጠቅላላው የአሜሪካ ቤተሰብ መካከለኛ ገቢ ይበልጣል። ቁርኣኑ ያው ነው፣ ረመዳኑም ያው። የተሳፈረው ሰው ነው የተለየው። «ሕንድ ትምህርት ይወዳል» የሚለውም በዚሁ ይፈታል፤ ሐኪም አባት ልጁን ለትምህርት ቢገፋ የሕንድነት ምስጢር አይደለም፣ ናይጄሪያዊ ሐኪምም ያደርገዋል።

ሃይማኖት ከነአካቴው የለበትም ግን አልልም። አለበት፣ በሌላ በኩል። ሕንዳዊ ሙስሊሞችን ከሕንዳዊ ሂንዱዎችና ሲኮች ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች ትምህርታቸው እኩል ሆኖም ሙስሊሞቹ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው እንደሚያንስ አሳይተዋል። በ2019 ይፋ የሆነ የኦክስፎርድ ናፊልድ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ሙከራ ደግሞ አለ፦ በሁሉም ነገር እኩል የሆኑ የሥራ ማመልከቻዎችን ስሙን ብቻ እየቀያየሩ ላኩ። ፓኪስታናዊ ስም ያለው ሰው ነጭ ብሪታንያዊ የሚያገኘውን ያህል ምላሽ ለማግኘት 70 በመቶ ተጨማሪ ማመልከቻ መላክ ነበረበት። ያኛው 10 ሲልክ ይሄኛው 17 ማለት ነው። ሃይማኖቱ ሰውየውን ወደኋላ ያስቀረበት ቦታ ካለ ማመልከቻውን በሚያነበው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ማንቸስተር የምማር ተማሪ ነኝ። ክፍሌ ውስጥ የፓኪስታን ልጆች ሞልተዋል፣ ሴቶቹ እንዲያውም ጎበዞች ናቸው። ታዲያ «ወደኋላ ቀሩ» የሚባለው የድሮ ወሬ አይደለም? አባቴ ደግሞ «ትምህርት ካለ ሌላው ሁሉ ይከተላል» ይላል። እውነት ይከተላል?

መልስ፦ አባትሽ ግማሹን ይዘውታል። ያየሽውም ልክ ነው። ዛሬ ትውልደ ፓኪስታን ወጣቶች ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበት ምጣኔ ከነጭ ብሪታንያውያን ይበልጣል። ሕንዶቹ አሁንም ይበልጧቸዋል፣ ግን አያቱ ፊርማው የጣት አሻራ ለነበረ ልጅ ይህ ቀላል እርምጃ አይደለም።

ሌላው ሁሉ ይከተላል ወይ? ቀስ እያለ፣ እያነከሰ። አንዱ ምክንያት የማመልከቻው ነገር ነው፣ ከላይ ብዬዋለሁ። ሌላው ቦታ ነው፣ ሰዎች ይህንን ንቀው ያልፉታል። የሰሜኑ ልጅ ብዙ ጊዜ ከቤቱ እየተመላለሰ በአቅራቢያው ባለ ዩኒቨርሲቲ ይማርና በአቅራቢያው ሥራ ይፈልጋል፤ በአቅራቢያው ያለው ደግሞ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ደህና ደመወዝ የሚከፍል ሥራ ያላገኘ ከተማ ነው። የሃሮው ልጅም ከቤቱ ይመላለሳል፤ ከቤቱ በባቡር ግማሽ ሰዓት የሚወስደው ግን ለንደን ነው።

ቦታ ምን ያህል እንደሚያደርግ ማየት ከፈለግሽ ባንግላዴሾቹን አስቢያቸው። ሲመጡ ከሚርፑሮቹም የደኸዩ ነበሩ፣ በብዛት ከሲልሄት ገጠር፣ ሙስሊሞች፣ ያረፉትም ምሥራቅ ለንደን ታወር ሃምሌትስ። በ1990ዎቹ የዚያ ወረዳ ትምህርት ቤቶች በአገሪቱ መጨረሻ ላይ ነበሩ። ከዚያ ገንዘብ ገባ፣ ጎበዝ መምህራን ገቡ፣ በ2003 መንግሥት ለለንደን ትምህርት ቤቶች የተለየ መርሐ ግብር ጀመረ። አሁን የባንግላዴሽ ልጆች በ16 ዓመት ፈተና ፓኪስታኖቹን አልፈው ነጭ ብሪታንያውያኑንም በልጠዋል። በባህልና በሃይማኖት ከሆነ ባንግላዴሾቹ ከፓኪስታኖቹ ጋር እኩል መቅረት ነበረባቸው። ለንደን ገብታበት ነው።

ከቤት ውስጥ የሚመነጭም ነገር አለ፣ ሁሉን በውጭ ማሳበብ አልፈልግም። በሚርፑር ቤተሰቦች ዘንድ ልጅን ከአገር ቤት ዘመድ ጋር ማጋባት ለረጅም ጊዜ የተለመደ ነው። በርሚንግሃም ተወልዳ ያደገች ልጅ ከሚርፑር የመጣ ባል ታገባለች፣ ባሉ ቋንቋ ከዜሮ ይጀምራል፣ ልጆቹ እንግሊዝኛ በደንብ ሳይሰሙ ትምህርት ቤት ይገባሉ። ስለዚህ «ሦስተኛ ትውልድ» ሲባል በአባት በኩል አንደኛ ትውልድ የሆነ ብዙ ነው። አሁን ልማዱ እየላላ ነው፣ ሕጉም በሩን አጥብቦታል፦ የትዳር ጓደኛ ለማምጣት የሚጠየቀው ዓመታዊ ገቢ በ2012 18,600 ፓውንድ ተደረገ፣ በ2024 ወደ 29,000 ከፍ አለ። (ይሄ ሕግ እኛንም የሚያንገበግበን ስለሆነ ዝርዝሩን አውቀዋለሁ።)

ሴቶቹን ስላነሳሽ፦ ትልቁ ለውጥ እዚያ ነው። ሁለት ሺህ ሲገባ ለሥራ ከደረሱ ትውልደ ፓኪስታን ሴቶች ውስጥ ሥራ ላይ የነበሩት ሩብ ገደማ ነበሩ፣ አሁን ግማሽ ገደማ ደርሰዋል። አንድ ደመወዝ ብቻ የሚገባበት ቤትና ሁለት ደመወዝ የሚገባበት ቤት በድህነት ስሌት ላይ ያላቸው ልዩነት ግልጽ ነው፤ ሕንዶቹ ቤት ሁለተኛው ደመወዝ የጀመረው በእናቶቹ ዘመን ነው። እነዚያ ጎበዝ ያልሻቸው የክፍልሽ ልጆች ዲግሪያቸውን ይዘው ሥራ ላይ ከቆዩ የሚቀጥለው ቆጠራ ሌላ ነገር ማሳየቱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ሌስተር ነው የምኖረው። የምታወሩላቸውን ሀብታም ሕንዶች እኔ ሰፈር አላየሁም! ጎረቤቶቼ ልብስ ሰፊዎች ናቸው፣ ከኔ በታች ነው የሚከፈላቸው። ወይስ የተደበቁ አሉ?

መልስ፦ ሳቅን። አልተደበቁም፣ እርስዎ ያሉት አማካይ ቁጥር የማያሳየው ሰፈር ውስጥ ነው። ሌስተር ውስጥ ከሕጋዊው ዝቅተኛ ክፍያ በታች የሚከፍሉ የልብስ ስፌት ቤቶች እንዳሉ በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ አገር ምድሩ ሰምቷል፤ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ የደቡብ እስያ ሴቶች ናቸው።

የምሥራቅ አፍሪካዎቹም ቢሆኑ ከአውሮፕላን ወርደው ቀጥታ ሱቅ አልከፈቱም። በ1976 ለንደን ውስጥ ግረንዊክ በሚባል የፎቶ ማጠቢያ ድርጅት የሥራ ማቆም አድማ የመራችው ጃያቤን ዴሳይ ከታንዛኒያ የመጣች ሴት ናት። አገሯ የደላት ነበረች፣ እንግሊዝ ገብታ ፋብሪካ ገባች፣ የትርፍ ሰዓት ትእዛዙና ንቀቱ ሲበዛባት ጥላ ወጣች። አድማው እስከ 1978 ቆይቶ ተሸነፈ። «ሕንዶች ተሳካላቸው» ሲባል የነዚህ ሴቶች ጀርባ እንደተሰበረበት ይረሳል። የርስዎ ጎረቤቶች ልጆች ምን ይማራሉ? እሱን ቢጽፉልን ደስ ይለናል።

ጥያቄ፦ ሕንዶቹ ሪሺ ሱናክን ጠቅላይ ሚኒስትር አደረጉ። ፓኪስታኖቹስ በፖለቲካ የት አሉ? ከሉተን።

መልስ፦ እዚህ ላይ እንኳን ጨዋታው ይገለበጣል። ሱናክ የመጣው በዚያው በሦስተኛው በር ነው፦ አባቱ ኬንያ፣ እናቱ ያኔ ታንጋኒካ በሚባለው አገር ተወለዱ፤ አባቱ ሐኪም፣ እናቱ ፋርማሲ የነበራቸው። ከ2022 እስከ 2024 ሥልጣን ላይ ነበር። ግን ፓኪስታኖቹን ቁጠሯቸው። ሳዲቅ ካን ከ2016 ጀምሮ የለንደን ከንቲባ ነው። ሳጂድ ጃቪድ በ2018 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በ2019 የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ። የሁለቱም አባት አውቶቡስ ነጂ ነበሩ። ሑምዛ ዩሱፍ በ2023 የስኮትላንድ መንግሥት መሪ ሆነ። ሻባና ማህሙድ በ2025 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነች፣ ቤተሰቧ ከዚያው ከሚርፑር ነው።

ለምን? በሥራ ገበያ ላይ የጎዳቸው አንድ ሰፈር ታጭቆ መኖር በምርጫ ቀን ጉልበት ይሆናል። ብራድፎርድ ውስጥ ሩብ ያህሉ ሕዝብ ትውልደ ፓኪስታን ነው። ሕንዱ ገንዘብ ሲይዝ ወደ ከተማ ዳር ዳር ወጥቶ ተበተነ፣ ድምፁም ተበተነ። ሚርፑሬዎቹ ደግሞ «ቢራዳሪ» የሚሉት የወንድማማችነት መረብ አላቸው፤ የጎሳው ሽማግሌ እገሌን ምረጡ ካለ መንገዱ ሙሉ ይመርጣል፣ የሌበር ፓርቲ ሰዎችም ለአሥርት ዓመታት በዚህ ሲጠቀሙ ኖረዋል። ብዙ ወጣቶችና ሴቶች አሁን ያማርሩበታል፣ እውነታቸውን ነው፤ ሽማግሌው የማያውቀው ሰው ዕጩ መሆን አይችልም።

አንድ ነገር ደግሞ እኛ ልብ አንለውም። በ1950ዎቹና 60ዎቹ የገቡት ሕንዶችም ፓኪስታኖችም የኮመንዌልዝ ዜጎች ስለነበሩ ፓስፖርት ሳይቀይሩ መምረጥ ይችሉ ነበር። የሌሊት ፈረቃ ላይ ያለው፣ እንግሊዝኛ የማይናገረው ሰውዬ ራሱ መራጭ ነው፤ ስለዚህ የምክር ቤት ዕጩ በሩን ማንኳኳት ነበረበት። ኢትዮጵያዊ ግን የእንግሊዝ ዜግነት እስኪወስድ ድረስ፣ ያውም ከብዙ ዓመትና ከብዙ ክፍያ በኋላ፣ ድምፅ የለውም። ሉተን ውስጥ የኛ ሰው ስንት ዓመት ኖሮ ዕጩ በሩን እንዳላንኳኳበት እርስዎ ከኔ የተሻለ ያውቃሉ።